በውኃ ስለ ደረቀው ምድር፤ የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ

የአብርሃምና የሎጥ እረኞች በግጦሽ በተጣሉ ጊዜ አብርሃም ምርጫውን ለወንድሙ ልጅ ተወለት፤ ሎጥም ውኃ የማይጐድልበትን የዮርዳኖስን ሜዳ መረጠ። ከጥቂት ዘመን በኋላ ግን ያ ሜዳ የጨው አገር ሆኖ ተገኘ። መጽሐፍ ይህን የሚናገረው የሰዎቹን ኃጢአት ለማስታወቅ ነው፤ ዳሩ ግን ታሪኩን አስተውሎ ለሚያነብ ገበሬና ለሚያነብ ሹም ሌላ ምክርም በውስጡ አለ። ይኸውም ለምለም ምድር የሚመርጥ ሰው የዛሬውን ውኃ እንጂ የነገውን ጨው የማያይ መሆኑ ነው።

ዝናም በሚያንስበት ቆላ ወንዝ ጠልፎ ማረስ ከጥንት የመጣ ታላቅ ጥበብ ነው። ብዙ ከተሞችና ብዙ መንግሥታት በእርሱ ቆመዋል። ነገር ግን ይህ ጥበብ ሁለት ዋጋ ያስከፍላል፤ አንዱን ዋጋ የሚከፍለው ምድሩ ነው፥ ሁለተኛውን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ መስኖው ከመምጣቱ በፊት በዚያ ምድር ይኖር የነበረው ሰው ነው። በመዝገብ የሚጻፈው ግን የጥጡና የስኳሩ ዋጋ ብቻ ስለ ሆነ እነዚህ ሁለቱ ተረስተው ይኖራሉ። የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ ይህን በግልጥ ያሳያል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱትን መመልከት ይገባል። አብርሃም የወጣባት ዑር የምትባለው የከለዳውያን ከተማ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል በታችኛው አገር ነበረች። በዚያ ዘመን የሱመር ሰዎች ኤፍራጥስን በቦይ እየጠለፉ ስንዴና ገብስ ያመርቱ ነበር። ያኮብሰንና አዳምስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በሸክላ ላይ የተጻፈውን የጥንቱን የእህል መዝገብ መርምረው በ1951 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ3500 ዓመት ግድም ስንዴና ገብስ በእኩልነት ይዘሩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ስንዴው እያነሰ ሄዶ በ1700 ዓመት ግድም ከደቡቡ አገር ጨርሶ ጠፋ። የቀረውም የገብስ ምርት ቢሆን ቀድሞ ይገኝ ከነበረው ከእኩሌታ በታች ወረደ። ስለ ምን ቢሉ፥ ገብስ ጨው ይችላል፥ ስንዴ ግን አይችልም። ሌሎች ሊቃውንት ለሱመር መድከም ጦርነትንና የወንዙን መንገድ መለወጥም ምክንያት አድርገው ይጨምራሉ፤ ጨው በምድሩ ላይ መውጣቱን ግን ጽሑፉ ራሱ ይመሰክራል። ዛሬ ዑር የነበረችበት ስፍራ በረሃ ነው።

ጣፋጭ የወንዝ ውኃ ጨው የሚያመጣው እንዴት ነው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማናቸውም ወንዝ ከተራራው ሲወርድ ድንጋዩንና አፈሩን እያጠበ ጥቂት ጨው ይዞ ይወርዳል። ጨው በምላስ የማይታወቅ ይሁን እንጂ በሚዛን ይታወቃል። ለምሳሌ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው ብቻ ቢኖርና ለአንድ ሄክታር እርሻ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውኃ ቢጠጣ፥ በዚያ ሄክታር ላይ በየዓመቱ 50 ኩንታል ጨው ይፈስበታል ማለት ነው። ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፥ ጨውን ግን አትወስድም። ዝናም በሚበዛበት ደጋ ክረምቱ ያንን ጨው አጥቦ ወደ ጥልቁ ያወርደዋል፤ በዱብቲ ቆላ ግን በዓመት የሚዘንመው 200 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ፀሐይ ልትመጥጥ የምትችለው ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው።

ከዚህም የሚከፋ ሌላ ነገር አለ። ተክሉ ሳይጠጣው የቀረው ውኃ ወደ ታች ይሰርግና ከምድር በታች ይጠራቀማል። መውጫ ቦይ ካልተቈፈረለት ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ ይመጣል። ከምድር ፊት አንድ ሜትር ወይም ሁለት ሜትር ያህል በቀረው ጊዜ፥ ዘይት በፈትል እየተሳበ ወደ መብራቱ ጫፍ እንደሚወጣ እንዲሁ ውኃው በአፈሩ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም በጥልቁ ተኝቶ የነበረውን የጥንት ጨው ጨምሮ ያመጣዋል። ውኃው በፀሐይ ይጠፋል፥ ጨው በምድር ፊት ላይ ይቀራል። ገበሬውም ሰብሉ ሲጠወልግ አይቶ ውኃ የጐደለው መስሎት ሌላ ውኃ ይጨምርበታል፤ ይህም መድኃኒት መስሎት መርዙን እንደሚደግም በሽተኛ ያደርገዋል።

አሁን ወደ አዋሽ እንመለስ። አዋሽ ከሸዋ ደጋ በጊንጪ አጠገብ ይነሣና 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከጅቡቲ ወሰን በአቤ ባሕር ይጠፋል። እንደ ሌሎች ወንዞች ወደ ውቅያኖስ አይደርስም። ስለዚህ በላይኛው አገር የገባበት ነገር ሁሉ፥ አፈርም ቢሆን ጨውም ቢሆን የእርሻ መርዝም ቢሆን፥ ከሸለቆው አይወጣም። ይህን የወንዙን ጠባይ ልብ ያላደረገ ሰው ስለ አዋሽ የሚያስበው ሁሉ ይሳሳታል።

በመካከለኛውና በታችኛው ሸለቆ የሚኖረው የአፋር ሕዝብ ይህን ወንዝ በዘመኑ ብዛት አጥንቶት ነበር። ከርማ የሚሉት የክረምት ዝናምና ሱጉም የሚሉት የበልግ ዝናም በወረደ ጊዜ ግመሉንና ከብቱን፥ በጉንና ፍየሉን ይዞ ከወንዙ ርቆ እንደ አላይደጊ ባለው ሰፊ ሜዳ ይበተናል። በዚያን ጊዜ አዋሽ ሞልቶ ዳር ዳሩን ያለብሰዋል። ዝናሙ አልቆ ሜዳው በደረቀ ጊዜ ደግሞ ሕዝቡ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ጐርፉ ያበቀለውን ሣርም እስከሚመጣው ዝናም ድረስ ይመገብበታል። በአውሳ ደግሞ ጐርፉ በሸሸበት ምድር እህል ይዘራ ነበር። እንግዲህ የወንዙ ዳር ለአፋር ባዶ ምድር ሳይሆን የበጋ ጐተራው ነበረ። ጐተራ ደግሞ ባለቤቱ በማይበላበት ወራት ተዘግቶ ቢታይ ባለቤት የለውም አይባልም።

ሕጉ ግን እንዲህ አላየውም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንድ ሰው ስም ያልተያዘውን ምድር፥ የግጦሹንም ሜዳና የውኃውን መውረጃ ጨምሮ፥ የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ ደነገገ። ከዚያ በፊት በ1946 ዓ.ም. የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀምሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተፈጽሞ ለመብራት ኃይልና ለመስኖ ውኃ መቈጣጠሪያ ሆነ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ፤ መሬቱንም ውኃውንም ለማከፋፈል ሥልጣን ተሰጠው። በእነዚያው ዓመታት ሚቸል ኮትስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋራ ሆኖ በተንዳሆና በዱብቲ ታላቅ የጥጥ እርሻ አቆመ። በአሚባራና በመልካ ሳዲም የጥጥ እርሻ ተስፋፋ። በ1962 ዓ.ም. የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በዚያ በአሮጌው ሜዳ ይሰማሩ የነበሩት ከረዩዎች በአንድ ወገን በሸንኮራው፥ በሌላ ወገን ለአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በተከለለው ምድር ተጨነቁ።

ለዚህ ሁሉ ይሰጥ የነበረው መልስ አጭር ነው፤ የተወሰደው ምድር ከቆላው ስፋት ጋራ ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው ይባል ነበር። እውነት ነው፥ በስፋት ጥቂት ነው። ነገር ግን የአንድ ቤት ስፋት ሠላሳ ክንድ፥ በሩ ደግሞ ሁለት ክንድ ቢሆን፥ በሩን ብቻ የወሰደ ሰው ጥቂት ወሰድሁ ሊል አይችልም። የበጋው ሣር የተወሰደበት እረኛ ሰፊው የክረምት ሜዳ አይጠቅመውም፤ ከብቱ ክረምቱን ጠግቦ ቢከርም በበጋ ይሞትበታልና። ደግሞም የቆቃ ግድብ ጐርፉን ስለ ያዘው በኩባንያ ያልተወሰደው የወንዝ ዳር እንኳ ቀድሞ ያለብሰው የነበረውን ውኃ አጣ። ውኃው በጐተራ ገብቶ ለሸንኮራና ለጥጥ በልክ ይሰፈር ጀመር።

አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በፈለገ ጊዜ በመጀመሪያ ልግዛህ፥ ወይም የተሻለ ምትክ ልስጥህ ብሎ ጠይቆት ነበር። ናቡቴም የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ለማለት አፍ ነበረው። የአዋሽ እረኛ ግን በአብዛኛው አልተጠየቀም። ሕጉ ባለ ርስት ብሎ ስላልቈጠረው አልሰጥም የሚልበት ስፍራ አልነበረውም። በአውሳ በ1936 ዓ.ም. የነገሡት ሡልጣን አሊሚራሕ ሐንፈሬ ነገሩን በሌላ ብልሃት ለመቋቋም አሰቡ፤ የቀረው ምድር በሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ እርሳቸውና የየነገዱ አለቆች ራሳቸው ጥጥ ይዘሩበት ጀመር። ይህ ምድሩን በአፋር እጅ አቈየው፤ ዳሩ ግን የጥጡ ገንዘብ ለሁሉ እኩል ስላልደረሰ በአገሩ ውስጥ ባለ እርሻና ባለ ከብት የሚባል አዲስ ልዩነት ፈጠረ።

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ዝናም በቀረ ጊዜ የሁሉም ሒሳብ ተገለጠ። ድርቅ ለቆላ ሰው እንግዳ አይደለም፤ አባቶቹም በየጊዜው አይተውታል። ያን ጊዜ ግን በድርቅ ወራት የሚሸሹበት የወንዝ ዳር ጥጥ ተዘርቶበት፥ ቦይ ተቈፍሮበትና ዘበኛ ቆሞበት ተገኘ። ከብቱ በውኃው አጠገብ በጥም አለቀ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ብለው አባቶች የተረቱት ተረት በአዋሽ ልጅ ላይ በእውነት ተፈጸመ። ረኃቡ በወሎና በአፋር ቆላ ብዙ ሺህ ነፍስ ፈጀ። ያን ዘመን በጥጥና በስኳር ምርት ብቻ የሚለካ ሰው ግን መልካም ዘመን ሊለው ይችላል።

ዋጋውን የከፈለው ባለ ምድሩ ብቻ አይደለም። እርሻው ብዙ እጅ ስለሚፈልግ ከወላይታና ከከምባታ፥ ከሐዲያና ከወሎ በሺህ የሚቈጠር የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ወረደ። ወባ ያልለመደው ደገኛ በወባ አገር ተቀመጠ፤ ለጥጡ ትል የሚረጨው መርዝም ለእርሱ ተረፈው። በወንጂ ደግሞ ሌላ የማይታይ ነገር ነበረ። በስምጥ ሸለቆ ከምድር በታች የሚገኘው ውኃ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት፥ የጕድጓድ ውኃ ለብዙ ዓመት የጠጡ ሠራተኞች ጥርሳቸው ጠቈረ፥ የአንዳንዶችም አጥንት ደርቆ ጀርባቸው ጐበጠ። ይህ ሕመም በሐኪሞች ከታወቀ በኋላ ውኃውን የሚያጣሩ መሣሪያዎች ተተከሉ፤ የጐበጠው ጀርባ ግን አልተቃናም። የዚያ ስኳር ጣፋጭነት የማን ምሬት እንደ ነበረ በገበያ የገዛው ሰው አላወቀም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ በታወጀ ጊዜ የኩባንያዎቹ እርሻ ተወረሰ፤ ሡልጣኑም ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ። ምድሩ ለእረኛው ይመለሳል ብሎ ተስፋ ያደረገ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን እርሻው ስሙን ለውጦ የመንግሥት እርሻ ሆነ እንጂ አልተመለሰም፥ እንዲያውም ሰፋ። ባለቤቱ ቢለወጥም ውኃው እንደ ቀድሞው ያለ መውጫ ይፈስ ስለ ነበረ ከምድር በታች የተጀመረው ሥራ አልቆመም። በአሚባራና በመልካ ሳዲ እርሻው ሲጀመር ከምድር በታች ያለው ውኃ ከዐሥር ሜትር በላይ ጥልቅ ነበረ፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ በብዙ ስፍራ ወደ ምድር ፊት ሊደርስ ጥቂት ቀረው። ከዚያም ጨው ወጣ። በሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው እርሻው ነጥቶ ሲያይ ጥጡ የደረሰ ይመስለዋል፤ ቀርቦ ሲያየው ግን ጨው ነው። ቅኔ እንደሚፈታ ሰው፥ የዚያን ዘመን የጥጥ ሰም የፈታ ሁሉ ወርቁን ጨው ሆኖ አገኘው። በኋላ የውኃ መውጫ ቦይ ከምድር በታች ሊቀበር ተሞከረ፤ ሙከራውም መልካም ፍሬ አሳየ። ነገር ግን ቦዩ ለሁሉ እርሻ ስላልተዳረሰና የተሠራውም በሚገባ ስላልተጠበቀ ብዙ ምድር ታርሶ ተጣለ።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ከመንግሥት እርሻ አንዳንዱ ለአፋር ነገዶች ተመለሰ። በተመለሰላቸው ጊዜ ግን ምድሩ የቀድሞው ምድር አልነበረም፤ ሣሩ ጠፍቶ፥ አፈሩ ጨው ሆኖ፥ በላዩም እሾኻም ዛፍ በቅሎበት አገኙት። ይህ ዛፍ ፕሮሶፒስ የሚባል ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በረሃን ያለማል፥ ነፋስን ይከለክላል ተብሎ በሸለቆው ተተከለ። ከብቶች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በየስፍራው ስለ ጣሉት፥ የተጣለውም እርሻ ስለ ተመቸው፥ ዛሬ በአፋር ምድር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዞአል። አፋሮች በቋንቋቸው የደርግ ዛፍ የሚል ስም አውጥተውለታል። ሥሩ ጥልቅ፥ እሾኹ ረጅም ነው፤ ከሥሩ ሣር አያበቅልም። የግጦሹ ምድር እንዲህ በጠበበ ቍጥር ጎረቤት ከጎረቤት በቀረው ሣርና በቀረው ውኃ መጋደሉ በዝቶአል።

በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ባሕርም ሌላ ምስክር ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረው ባሕር እየሰፋ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲመረምሩ አንዳንዶቹ ከእርሻው የሚሰርገውን ውኃ፥ አንዳንዶቹ ከምድር ውስጥ የሚፈልቀውን ፍል ውኃ፥ ብዙዎቹም ሁለቱን በአንድነት ያነሣሉ። ውኃው ጨዋማ ስለ ሆነ አይጠጣም፥ እርሻም አያጠጣም። የከረዩን ግጦሽ ዋጠ፥ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ አስጨነቀ። ባሕሩ እንዳይሞላ ውኃው ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ተደረገ፤ ይህም ለመተሐራ ዕረፍት ሲሰጥ ጨውን በታች ላለው ጠጪና ገበሬ አወረደው። አዋሽ ወደ ውቅያኖስ የማይደርስ ወንዝ መሆኑን የረሳ ብልሃት እንዲህ ነው። በመጨረሻው ጫፍ ያለው የአቤ ባሕር ደግሞ ውኃው በላይ ስለሚቀርበት ዳርቻው ሸሽቶ ምድሩ ነጭ ሆኖ ይታያል።

የቆቃ ግድብ በተፈጸመበት በ1952 ዓ.ም. በሩቅ በመካከለኛው እስያ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ በመፋጠን ላይ ነበረ። የሶቪየት መንግሥት አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ የሚባሉትን ሁለት ወንዞች ለጥጥ ጠለፋቸው። እነርሱ የሚመግቡት የአራል ባሕር በዚያ ጊዜ 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ ቀረው። ሙይናቅ የምትባለው የዓሣ አጥማጆች ወደብ ባሕሩ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆአት መርከቦቿ በአሸዋ ላይ ቆመው ቀሩ። ከደረቀው ወለል የሚነሣው የጨውና የመርዝ ትቢያ ወደ እርሻውና ወደ ሰው ሳንባ ይገባል። በ1997 ዓ.ም. የካዛክስታን መንግሥት በሰሜኑ ክፍል ኮካራል የተባለውን ግድብ ስለ ሠራ በዚያ በኩል ያለው ጥቂት ውኃ ተመልሶአል፥ ዓሣም ተገኝቶአል። ከዚህ ሁለት ነገር ይታወቃል፤ ጥፋቱ በአንድ ትውልድ ይፈጸማል፥ ጥገናው ግን ከብዙ ድካም በኋላ ጥቂቱን ብቻ ይመልሳል።

እንግዲህ ምን ይሁን? ቆላው ሳይታረስ ይቅር፥ የተራበውም ሳይበላ ይደር? ብሎ የሚቈጣ ሰው ቢኖር ቍጣው ምክንያት አለው። ወንጂና መተሐራ ለአገሩ ስኳር ሰጥተዋል፤ የአዋሽ ጥጥ ፋብሪካዎችን አሠርቶአል፤ ብዙ ቤተ ሰብ በዚያ ሥራ ልጁን አሳድጎአል። አፋሮችም ራሳቸው እርሻን አይጠሉም፤ የአውሳ ታሪክ ይህን ያስረዳል። ማጠጣት በራሱ በደል አይደለም። በደሉ ሒሳቡን እኩሌታውን ብቻ መጻፍ ነው። የግብጽ ምድር ለብዙ ሺህ ዓመት ሲታረስ ጨው ያላጠፋው የዓባይ ጐርፍ በየዓመቱ ምድሩን ያጥበው ስለ ነበረ ነው። የአስዋን ታላቁ ግድብ ሥራ በ1962 ዓ.ም. ተፈጽሞ ጐርፉ በቀረ ጊዜ ግብጻውያን አደጋውን አውቀው ከእርሻቸው በታች የውኃ መውጫ ቧንቧ በብዙ ገንዘብ ይቀብሩ ጀመር። ስለዚህ የመስኖ ዋጋ የሚባለው የመግቢያው ቦይ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመውጫውም ቦይ ዋጋ ጭምር ነው፤ መውጫውን ለመሥራት ገንዘብ የሌለው ሰው መግቢያውን ለመክፈትም ገንዘብ የለውም ማለት ነው።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ጸሓፊዎች በተተወ ነበር። ነገር ግን በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ለሸንኮራ የታሰበ አዲስ ግድብ በተንዳሆ ተጀመረ፤ ለዚያም የአፋር ሰፈርና ግጦሽ ተነሣ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ የበጋ መስኖ ስንዴ ወደ አዋሽ ቆላ ወርዶአል። የስንዴው ዓላማ እንጀራ ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። ዳሩ ግን ከሱመር መዝገብ በመጀመሪያ የጠፋው ስንዴ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው በየዓመቱ የኩንታሉን ብዛት ሲሰማ ከምድር በታች ያለው ውኃስ ዘንድሮ ስንት ሜትር ደረሰ? ብሎ ይጠይቃል። የኩንታሉ ቍጥር ሲነገር ይህም ቍጥር አብሮ ሊነገር ይገባዋል። እንዲሁም አዲስ ቦይ ከመቈፈሩ በፊት ይህ ስፍራ በበጋ የማን መሸሻ ነው? ተብሎ ሕዝቡ በአገሩ ሽማግሌዎች ፊት ይጠየቅ፤ ከብቶች ወደ ወንዙ የሚወርዱበት መንገድና የድርቅ ዘመን ግጦሽም በሕግ ተከልሎ ይቅር። ይህ ለእረኛው የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ ያን ቆላ ለሺህ ዘመን ሳያጠፋ የኖረበት ጥበብ የእርሱ ነውና።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በቆላ መስኖም የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት የሳቅ ዓመታት ናቸው፤ ምርቱ ይበዛል፥ አፈሩም ድንግል ስለ ሆነ ሁሉን ይሰጣል። የሚፈረደው በሠላሳኛው ዓመት ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ቦዩን የከፈተው ሹም በስፍራው የለም፥ ጨዉን የሚወርሰው የገበሬውና የእረኛው ልጅ ነው። አዳም በገነት በተቀመጠ ጊዜ የተሰጠው ሥራ ሁለት እንደ ነበረ ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ አንዱ ምድሪቱን ማልማት፥ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። በአዋሽ ሸለቆ የመጀመሪያው ሥራ በብዙ ትጋት ተሠርቶአል። ሁለተኛው ግን ገና ሠራተኛ ይፈልጋል።